ወደ ጉበት የተዛመተ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ፦ ከንቅለ ተከላ በፊት ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ያስቀምጣት ነበር። ጃርዲያ ነው፣ አሜባ ነው እየተባለ መድኃኒት ስትወስድ ከረመች። ፊቷንም ድንገት ያቃጥላታል፤ እሱን ደግሞ የማረጥ ነው አሏት። በቅርቡ በአልትራሳውንድ ጉበቷ ላይ ብዙ እባጮች ታዩ። ናሙና ተወስዶ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ፣ ግሬድ 2፣ ኬአይ-67 4 በመቶ ተባለ። ሲቲ ስካኑ ትንሹ አንጀቷ አካባቢም ሌላ እባጭ አሳይቷል። አንዱ ዘመድ የጉበት ካንሰር አራተኛ ደረጃ ደርሷል፣ ከዚህ በኋላ አታንገላቷት ይላል። ሌላው ህንድ ወስደን ጉበቷን እናስቀይር፣ ስቲቭ ጆብስም እንዲሁ ተደርጎለት ነበር ይላል። ጉበቴን ልሰጣት ዝግጁ ነኝ። ቤቱን ለመሸጥም ተስማምተናል። ለእሷ ግን ምንነቱን አልነገርናትም። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦

ቤቱን አይሽጡ። ጉበትዎንም ለጊዜው ለማንም ቃል አይግቡ። ሁለቱም ዘመዶችዎ የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። እናትዎ ያለባቸው የጉበት ካንሰር አይደለም።

በጉበታቸው ላይ የታየው ከሌላ ቦታ የመጣ ዕጢ ነው። ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ ማለት ሆርሞንና መሰል ኬሚካሎችን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢ ነው። ከጻፉት ስነሳ ምንጩ ትንሹ አንጀት ይመስላል። ከአንጀት የሚወጣው ደም በሙሉ ቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ፣ ከአንጀት ያመለጡ ሕዋሳት መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። ዕጢ የትም ቢዛመት የሚታከመው በምንጩ ስም ነው። ስለዚህ ለጉበት ካንሰር የተሠሩ መድኃኒቶች ለእናትዎ አይሆኑም፤ ስለ ጉበት ካንሰር የሰሟቸው የዕድሜ ግምቶችም እሳቸውን አይመለከቱም።

«አራተኛ ደረጃ» የሚለው ቃል ዕጢው ከተነሳበት ቦታ ርቆ መሄዱን ብቻ ነው የሚናገረው። ምን ያህል እንደሚፈጥን አይነግረንም። ፍጥነቱን የሚነግረን ያ ኬአይ-67 የተባለው ቁጥር ነው። 4 በመቶ ማለት ከ100 የዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ለመከፋፈል የተነሱት 4 ያህሉ ናቸው ማለት ነው። ከ3 በታች የሆነው ግሬድ 1 ይባላል፤ ከ3 እስከ 20 ግሬድ 2፤ ከ20 በላይ ግሬድ 3። የእናትዎ ውጤት የግሬድ 2 ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕጢ ጉበት ውስጥ ተሰራጭቶም ሰው ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ሲግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1907 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ዕጢዎች ለየት ያለ ስም ያወጣላቸው፣ ከተለመደው የአንጀት ካንሰር ይልቅ ዝግ ብለው ሲያድጉ ስላየ ነው። ይህ ግን ዕጢው ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ካልታከመ ይገድላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ከአንድ ቦታ ብቻ የመጣ ቁራጭ ነው። ሌላኛው እባጭ የተለየ ፍጥነት ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ የፓቶሎጂው ወረቀት ዕጢው «በደንብ የተለየ» (ዌል ዲፈረንሺዬትድ፣ ማለትም ሕዋሳቱ ከጤነኛ ሕዋሳት ጋር የሚመሳሰሉ) ዓይነት መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ስሙ የሚመሳሰል ግን እጅግ ፈጣን የሆነ ኒውሮኢንዶክሪን ካርሲኖማ የሚባል በሽታ አለ፤ የእሱ ሕክምና ፈጽሞ ሌላ ነው። ስለዚህ የናሙናውን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ቁራጭ) እና ስላይድ ከላቦራቶሪው ተቀብላችሁ በሌላ ፓቶሎጂስት አስነብቡ። ሰውን አውሮፕላን ላይ ከማሳፈር በፊት ስላይዱን መላክ ይቀላል፤ ወጪውም አይወዳደርም።

ሦስት ዓመት ለምን ባከነ የሚለው እንደሚያንገበግባችሁ አውቃለሁ። ጃርዲያና አሜባ አገራችን ውስጥ የሞሉ ስለሆኑ ተቅማጥ ሲባል ሐሳብ ቀድሞ እነሱ ጋ መሄዱ የሚገርም አይደለም። ይህ ዕጢ ሴሮቶኒንንና ሌሎች ኬሚካሎችን ያመነጫል። ዕጢው አንጀት ላይ ብቻ ሳለ የሚያመነጨውን ጉበት ስለሚያፈርሰው ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ጉበት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ኬሚካሉ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ልብና ወደ መላው ሰውነት ይረጫል። ያኔ ነው ተቅማጡና ማቃጠሉ የሚመጣው። ምልክቱም ከተለመደው ይለያል። ተቅማጡ ውሃ ነው፣ ምግብ ባይበሉም አያቆምም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። የማረጥ ሙቀት ብዙ ጊዜ ላብ ያስከትላል፤ የዚህኛው ማቃጠል ግን በአብዛኛው ደረቅ ነው። የሕክምና መጻሕፍት «ፊት ይቀላል» ብለው ይጽፋሉ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ሐኪሙ አይቶ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ታማሚዋ «ፊቴ ነደደ፣ ደረቴ ድረስ ወረደ» ስትል መስማት አለበት። አልኮል ከቀመሱ በኋላ፣ ሲናደዱ ወይም የሚያቃጥል ወጥ ሲበሉ ይብስባቸው እንደሆነ እናትዎን ይጠይቋቸው። የሚሉትን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት።

አሁን ወደ ምርመራው። ከሁሉ የሚጠቅመው በጋሊየም-68 ዶታቴት የሚሠራው ፔት ስካን ነው። የአብዛኞቹ የእነዚህ ዕጢዎች ሕዋሳት ላያቸው ላይ ሶማቶስታቲን የተባለ ሆርሞን መቀበያ አላቸው፤ ዶታቴት እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ስካኑም ቦታውን ያበራዋል። የተለመደው በስኳር የሚሠራው ፔት ስካን ግን ለዝግተኛ ዕጢ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ተከፍሎበት «ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት ይመጣና ቤተሰብ ይሳሳታል። ስለዚህ ውጭ አገር ቀጠሮ ስትይዙ የትኛው ፔት እንደሆነ በስሙ ጠይቁ። እሱ እስኪገኝ ጥሩ የጉበት ኤምአርአይ ወይም በየደረጃው የሚነሳ ባለ ኮንትራስት ሲቲ ስካን ሕክምና ለመጀመር ይበቃል።

የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ የሴሮቶኒን ዝቃጭ የሚለካበት ምርመራም አለ። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናትና ሽንቱ በሚሰበሰብበት ቀን ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስና ቲማቲም መበላት የለበትም፤ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርጉታል። ክሮሞግራኒን ኤ የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ለጨጓራ በሚወሰደው ኦሜፕራዞል የተነሳ በጣም ከፍ ሊል ይችላል። ኦሜፕራዞል የማይወስድ ሰው ስንት ነው? እናትዎ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ሳያውቅ ያንን ቁጥር ማመን አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የልብ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሴሮቶኒኑ ለዓመታት ሲረጭ የቀኝ ልብን ቫልቮች ያደነድናል። እግር ማበጥና ሲራመዱ መድከም ሲመጣ የልብ ነገር መሆኑ ሳይጠረጠር ይታለፋል። ለእናትዎ ኢኮ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት መሠራት አለበት፤ ይህ ምርመራ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ ነው። ኦክትሪዮታይድ ወይም ላንሪዮታይድ ይባላል። ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ተቅማጡንና ማቃጠሉን ያረግባል፣ የዕጢውንም ዕድገት ያዘገያል። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ፕሮሚድ የተባለ ጥናት፣ ከትንሹ አንጀት በተነሳ ዕጢ ከተያዙ 85 ሰዎች መካከል መርፌውን የወሰዱት በሽታው እስኪጨምር በአማካይ 14 ወር ያህል ቆይተዋል፤ ያልወሰዱት 6 ወር ነበር። በ2014 የወጣው ክላሪኔት የላንሪዮታይድን ጥቅም በ204 ሰዎች አሳይቷል።

ቤተሰብ ግን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ከሦስት ወር በኋላ ስካን ይነሳና «ዕጢው አልቀነሰም» ይባላል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ይቆማል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ይህ መርፌ ዕጢን የሚያሳንሰው አልፎ አልፎ ነው። ባለበት ከቆመ መድኃኒቱ እየሠራ ነው።

ከሜሪላንድ መድኃኒቱን ልኬላት ልገላገል ብለው ማሰብዎ አይቀርም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እባክዎ ይጠንቀቁ። ረጅም ጊዜ የሚሠራው መርፌ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። በሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ታስሮ ቦሌ ደርሶ፣ ጉምሩክ ላይ ግማሽ ቀን ቆይቶ የሚመጣ መርፌ ጠርሙሱ ደህና ቢመስልም ማመን አይቻልም። በሐኪም ማዘዣና በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ በእጅ ይዞ የሚጓዝ ሰው ያስፈልጋል። ኦክትሪዮታይዱ ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ ወዲያው የመቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ነው የሚወጋው። ከዘገየ መርፌው ይደፈናል፤ ያ ሁሉ ብር መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንዲት ነርስ አሠራሩን በደንብ ተምራ በየወሩ እሷው ብትወጋቸው ይመረጣል። መርፌው የሐሞት ጠጠርና የስኳር መዛባት ሊያመጣ ይችላል፤ ሰገራም ነጣ ብሎ ቅባት ሊሆን ይችላል። ለቅባቱ ሰገራ የቆሽት ኢንዛይም እንክብል አለ፤ ዝም ብለው እንዳይችሉት።

ሁለተኛው ጉዳይ የአንጀቱ ዕጢ ነው። «ዋናው ችግር ጉበቷ ላይ እያለ አንጀቷ ለምን ይነካል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ምንጩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሽምብራ ብዙም አይበልጥም፤ አጠገቡ ያሉት ንፍፊቶች ግን አድገው ዙሪያውን ያጠነክሩትና አንጀቱን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። ከዚያ አንጀት ይታጠፋል፣ ይዘጋል፣ የደም ዝውውሩ ይታወካል። የሆድ ቁርጠት፣ ከምግብ በኋላ መነፋትና ማስመለስ ካለ ቀዶ ሐኪም በቶሎ ማየት አለበት። ምልክት ባይኖርም ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ሲቲ ስካኑን አይቶ ይወስን እንጂ «ተዛምቷልና ለቀዶ አይሆንም» ተብሎ በደፈናው መዘጋት የለበትም።

ጉበቱንም በቀዶ መቀነስ ይቻላል። እባጮቹ ባንድ በኩል የተሰበሰቡ ከሆኑና አብዛኛውን ማውጣት ከተቻለ ምልክቶቹ በጣም ይቀንሳሉ። ቃል የሚገባልዎትን ሰው ግን አይመኑ። በ2003 ከማዮ ክሊኒክ በወጣው የ170 ሰዎች ዘገባ ከቀዶው 5 ዓመት በኋላ 61 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ዕጢው ግን በ84 በመቶው ተመልሶ ታይቷል። ስካን የማያያቸው ጥቃቅን ዕጢዎች ጉበት ውስጥ ስለሚቀሩ ነው። ቀዶው ዕድሜ ይጨምራል፣ ስቃይ ያቀልላል፤ ነቅሎ ይጨርሳል ማለት ግን አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በደንብ ይያዙልኝ። ይህ ዕጢ ያለበት ሰው ሰመመን ሲሰጠው ወይም ዕጢው ሲነካ ኬሚካሉ በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል። የደም ግፊት ቁልቁል ይወርዳል፣ መተንፈሻ ይጠባል፣ ሰው በቀዶ ጠረጴዛ ላይ ሊሞት ይችላል። አጭር ጊዜ የሚሠራው ኦክትሪዮታይድ ሰመመን ሰጪው እጅ ላይ ተዘጋጅቶ መቅረብ አለበት። ጥርስ ማስነቀልም ሆነ ኢንዶስኮፒ ቢሆን፣ «ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ አለብኝ» ብለው እናትዎ ራሳቸው መናገር አለባቸው።

እባጮቹ በጉበቱ ሁሉ ተበትነው ቀዶ ካልተቻለ ሌላ መንገድ አለ። ጤነኛው ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአንጀት በሚነሳው ፖርታል ቬን ነው፤ ዕጢው ግን የሚመገበው በአብዛኛው ከጉበት አርተሪ ነው። ስለዚህ በቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ገብቶ ያንን አርተሪ በመድፈን ዕጢውን ማስራብ ይቻላል፤ ኢምቦላይዜሽን ይባላል። ፖርታል ቬኑ በደም ጓል የተዘጋበት ሰው ላይ ወይም ጉበቱ በጣም በተጎዳ ሰው ላይ አደገኛ ነው። ከዚህ በፊት የሐሞት ቱቦው በቀዶ የተቀየረ ወይም ስቴንት (ቱቦውን ክፍት የሚያደርግ ቀጭን ቧንቧ) የገባለት ሰው ደግሞ መግል ሊቋጥር ይችላል። ከሥራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ትኩሳት፣ የቀኝ ጎን ሕመምና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው።

መርፌው እየተወሰደ ዕጢው ካደገ ደግሞ ሉቴሺየም-177 ዶታቴት አለ። ጨረር የሚያወጣው ሉቴሺየም ያንኑ መቀበያ ፈልጎ ይለጠፍና ሕዋሱን እዚያው ያቃጥላል። በየ8 ሳምንቱ ይሰጣል፤ በጠቅላላው አራት ጊዜ ነው። ኩላሊትን ለመጠበቅ አሚኖ አሲድ አብሮ በደም ሥር ይንጠባጠባል። በ2017 የታተመው ኔተር-1 ጥናት 229 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ በ20ኛው ወር ዕጢያቸው ሳይጨምር የቆዩት ሉቴሺየሙን ከወሰዱት 65 በመቶ፣ ከፍ ያለ መጠን ኦክትሪዮታይድ ብቻ ከወሰዱት 11 በመቶ ያህል ነበሩ። በዚህ በሽታ ሕክምና ውስጥ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳትም አለው። የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ከዓመታት በኋላ ከባድ የመቅኔ በሽታ አስከትሏል። መቀበያ የሌለው ዕጢ ላይ ምንም አይሠራም፤ የጋሊየሙ ስካን ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። በህንድ፣ በቱርክና በደቡብ አፍሪካ ይሰጣል። ለውጭ ሕክምና ብር የምታወጡበት ቀን ከመጣ ለዚህ አውጡት።

ኤቨሮሊመስና ካቦዛንቲኒብ የሚባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ተራቸው ወደ ኋላ ነው። የተለመደው ኬሞ ከትንሹ አንጀት ለሚነሳ ዝግተኛ ዕጢ ብዙም አይሠራም። ከቆሽት ለሚነሳው የተሻለ ነው፤ ምንጩን በትክክል ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

አሁን ወደ ንቅለ ተከላው። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። የሚላኖ ቡድን በ2016 ባወጣው ዘገባ ከተተከለላቸው 42 ሰዎች 10 ዓመት የቆዩት 89 በመቶ ያህል ናቸው። ግን እነማን እንደተመረጡ ይመልከቱ። የአንጀቱ ዕጢ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ የወጣ፣ ግሬዱ ዝቅተኛ የሆነ፣ ከጉበቱ ግማሽ ያነሰው የተያዘ፣ ከጉበት ውጭ ምንም ያልተገኘበት፣ ቢያንስ ለ6 ወር በሽታው ሳይንቀሳቀስ የቆየ፣ ዕድሜው ከ60 ያልበለጠ ሰው ነው። እናትዎ ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹን አያሟሉም፤ የአንጀቱ ዕጢ ገና እዚያው ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የቀረ ዕጢ ካለ ሜዳው ይለቀቅለታል። ስቲቭ ጆብስ ጉበት የተተከለለት በ2009 ነው፤ ምንጩ ቆሽት ነበር። በ2011 አረፈ። ከጉበቱ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ከባድ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ይገባል፤ ጤነኛ ለጋሽ የሞተበት ጊዜ አለ። አንድ ሆስፒታል የጋሊየም ስካን ሳይጠይቅ፣ የአንጀቱን ዕጢ ሳያነሳ «ለጋሽ ይዛችሁ ኑ» ካላችሁ ከዚያ ሆስፒታል ራቁ።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል። ዕጢው ሴሮቶኒን ለመሥራት ከምግብ የሚገኘውን ትሪፕቶፋን ይሻማል። ሰውነት ከዚያው ነገር ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ቫይታሚኑ ያጥራል። አንገትና እጅ ላይ ፀሐይ የሚነካው ቆዳ ጠቁሮ ከተላጠ ፔላግራ ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ በሆነ ቫይታሚን ይድናል። ተቅማጡ እስኪረግብ ረጅም ጾም ሰውነታቸውን ይጎዳል። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም ማቅለል የታወቀ ነው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ማቃጠሉን ይቀሰቅሳሉ። በርበሬውን ቀነስ ያድርጉት፤ ሽሮና ምስር ችግር የለውም። ማንም «ጉበት ያጥባል» ብሎ የሚያመጣውን ቅጠልና ሥር ግን አታስገቡ። ጤነኛ ሆኖ የቀረው ጉበት ነው ያቆያቸው፤ እሱን የሚመርዝ ነገር ሕክምናውን ሁሉ ያበላሻል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት ስላይዱ እንደገና ይነበብ፣ የልብ ኢኮ ይሠራ። ሁለቱ እንዳለቁ ወርሃዊውን መርፌ ያስጀምሯቸው፤ ሌላውን ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚያ የካንሰር ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙና ራዲዮሎጂስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ፋይሉን ይዩት። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ስትሄዱ ይህን ስብሰባ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የአንጀቱ ዕጢ ዕጣ ይወሰን። በሦስት ወር ስካን ይደገም። ካደገ ያኔ ለጋሊየም ስካኑና ለሉቴሺየሙ ውጭ ትሄዳላችሁ። ካላደገ እዚያው አዲስ አበባ፣ ቤታቸው ሆነው ይቀጥላሉ።

የመጨረሻው ለእናትዎ ያለመንገራችሁ ጉዳይ ነው። ከክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ በአገራችን ቤተሰብ ሕመሙን ሸሽጎ መሸከም የተለመደ ነው። ለዚህ በሽታ ግን አይሆንም። በየወሩ ለዓመታት የሚወጉት እሳቸው ናቸው። ሌሊት ስንቴ እንደተነሱ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ድንገተኛ ክፍል ቢገቡና አጠገባቸው ማንም ባይኖር፣ ለሰመመን ሰጪው የበሽታቸውን ስም የሚናገር ሌላ ሰው የለም። እርስዎ በስልክ ሳይሆን አጠገባቸው ያለ ወንድም ወይም እህት፣ ሐኪሙ ባለበት ይንገሯቸው። የበሽታውን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ አስቀምጡላቸው።